«ቀመሩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ጥያቄው ግን አይፈታልኝም»

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፦

የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤተሰቦቼ ኮምቦልቻ ይኖራሉ፤ እኔ ግን ለትምህርት ስል ደሴ አክስቴ ዘንድ ነው ያለሁት። አባቴ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ስለሆነ፣ ዓርብ ከሰዓት በእሱ መኪና ወርጄ እሑድ ማታ እመለሳለሁ።

10ኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት ስለጨረስኩ የተፈጥሮ ሳይንስ መረጥኩ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ እወዳለሁ፤ ሐሳቤም ፋርማሲ ማጥናት ነው። ፊዚክስ ላይ ግን አክሰለሬሽን ከተጀመረ ወዲህ ነገሩ ሁሉ ተበላሸብኝ። አራቱን ቀመሮች ከእንቅልፌ ብቀሰቀስ እንኳ ሳልሳሳት እላቸዋለሁ፤ ጥያቄ ሲመጣ ግን የትኛው ለየትኛው እንደሆነ ስለማላውቅ፣ ቁጥሮቹን አይቼ የሚገጥም የመሰለኝን እሞክራለሁ። ባለፈው ፈተና ከ20 ያገኘሁት 6 ነው። አንዱ ጥያቄ፣ በሰከንድ 20 ሜትር የምትጓዝ መኪና ፍሬን ይዛ 50 ሜትር ላይ ብትቆም አክሰለሬሽኗ ስንት ነው ይላል። እኔ 50ን ለ20 አካፍዬ 2.5 ሰከንድ አገኘሁ፤ ከዚያ 20ን ለ2.5 አካፍዬ 8 ብዬ ጻፍኩ፤ ስሕተት ተባለ። ሌላው ደግሞ ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ጫፍ ላይ ሲደርስ አክሰለሬሽኑ ስንት ነው የሚል ነበር፤ ያኔ ቆሟልና ዜሮ አልኩ፤ እሱም ስሕተት ሆነ። በቀመሩ ውስጥ ያለችው ግማሽ ከየት እንደመጣች አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ብጠይቅ፣ «ይቺማ የ9ኛ ክፍል ናት» ብለው ልጆቹ ሳቁብኝ፤ ከዚያ በኋላ እጄን አውጥቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ለመዛወር እያሰብኩ ነው። መዛወር የሚፈልግ በዚህ ወር ውስጥ እንዲያመለክት ተነግሮናል። አባቴ ግን ልጄ ፋርማሲስት ልትሆን ነው እያለ ለተሳፋሪው ሁሉ ስለሚያወራ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግረው ጨንቆኛል። ጓደኛዬ ደግሞ «ያለፉትን ፈተናዎች ሸምድጂ፣ ይበቃሻል» ትለኛለች። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የተጋባሁት፣ ከደሴ


ውድ ልጄ፦

ደብዳቤሽን ደጋግሜ ነው ያነበብኩት። «ፊዚክስ አይገባኝም» ብለው የሚጽፉልኝ ልጆች ብዙውን ጊዜ ያልገባቸው የቱ እንደሆነ አይነግሩኝም፤ አንቺ ግን የሠራሽውን ስሌት ከነቁጥሩ ስላሰፈርሽልኝ፣ ስለ ዝውውሩ ከመነጋገራችን በፊት ያንን የፈተና ወረቀት ዘርግተን አብረን ብናየው እመርጣለሁ። ከ20 6 ማግኘት ብቻውን ስለ አንቺ ብዙም አይናገርም፤ ሁለቱ ስሕተቶችሽ ግን ብዙ ይናገራሉ፤ ውሳኔሽም በእነሱ ላይ ቢመሠረት ይሻላል።

ከመኪናዋ እንጀምር። 50ን ለ20 አካፍለሽ ያገኘሽው 2.5 ሰከንድ የሌላ መኪና ጊዜ ነው፤ ፍሬን ያልያዘች፣ 50ውን ሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ በዚያው በ20 ያለፈች መኪና የሚፈጅባት ጊዜ። የጥያቄዋ መኪና ግን ፍሬን ከተረገጠበት ቅጽበት ጀምሮ 20 ላይ አልቆየችም፤ ወደ 15፣ ወደ 10፣ ወደ 5 እያለች ወርዳ ቆመች። ፍጥነቷ እኩል እኩል እየቀነሰ ከወረደ፣ አማካይ ፍጥነቷ የ20ና የዜሮ መካከለኛ የሆነው 10 ነው። 50 ሜትርን በሰከንድ 10 ሜትር ለመጨረስ 5 ሰከንድ ያስፈልጋል፤ በ5 ሰከንድ ውስጥ 20 ከጠፋ ደግሞ በየሰከንዱ 4 ጠፍቷል ማለት ነው። ስለዚህ መልሱ −4 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ ነው። ያንቺ መልስ 8 እንደነበረ ልብ በዪ፤ የትክክለኛው እጥፍ ነው። የጎደለብሽ አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ እሷም ክፍል ውስጥ የጠየቅሻት ግማሽ ናት።

እንግዲህ ልጆቹ የሳቁበት ጥያቄ የምዕራፉ ዋና ጥያቄ ነበር ማለት ነው። ያንን ጥያቄ ያነሣ ተማሪ የ9ኛ ክፍል ትምህርት አምልጦታል ብዬ አላስብም፤ ቀመሩን ዝም ብሎ ከመቀበል ይልቅ ምክንያቱን ፈልጓል። ነገሩ ቀላል ቢሆን ኖሮ ጋሊሊዮም ባልተሳሳተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1604 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ የሚወድቅ ነገር ፍጥነት የሚያድገው በወደቀበት ርቀት ልክ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ፍጥነቱ የሚያድገው በርቀቱ ሳይሆን ባለፈው ጊዜ ልክ መሆኑን ያስረዳበት ሥራው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1638 ነው። ቀጥ ብሎ የሚወድቅ ነገር በዘመኑ በነበረ መሣሪያ ለመለካት በጣም ስለሚፈጥንበት፣ ኳስ በተዳፋት እንጨት ላይ እያንከባለለ፣ ጊዜውን ደግሞ ከዕቃ የሚወርድ ውኃ እየመዘነ ነበር የሚለካው። ኳሱ በመጀመሪያው የጊዜ ክፍል 1 እጅ ቢጓዝ በሁለተኛው 3፣ በሦስተኛው 5፣ በአራተኛው 7 እጅ እንደሚጓዝ አገኘ። እስኪ እየደመርሽ ተመልከቺያቸው፤ 1፣ 4፣ 9፣ 16 ይሆናሉ። በቀመርሽ ውስጥ ጊዜው በራሱ የሚባዛው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ አክሰለሬሽን ራሱ እንምጣ። አክሰለሬሽን አንድ ነገር ምን ያህል ፈጣን እንደሆነ አይነግረንም፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በስንት እንደሚለወጥ ነው የሚነግረን። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚጓዝ መኪና አክሰለሬሽኑ ዜሮ ነው፤ ከመናኸሪያ ገና እየወጣ ያለ፣ በእግር የምትቀድሚው የሚመስል ሚኒባስ ግን ጥሩ አክሰለሬሽን ሊኖረው ይችላል። «ሜትር በሰከንድ በሰከንድ» የሚለው መለኪያም የሚለው ይኸንኑ ነው፦ በሰከንድ ይኽን ያህል ሜትር የሚለው ፍጥነት፣ በየሰከንዱ ይኽን ያህል ተለወጠ።

ይህ ከገባሽ አራቱ ቀመሮች ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሆናሉ። መምህርሽ በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፏቸውን እኔ በቃል ልጻፋቸው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር፣ በየሰከንዱ እኩል ከተጨመረ መጨረሻ ላይ ያለው መነሻው ሲደመር የተጨመረው ነው የሚል ነው፦

የመጨረሻ ፍጥነት = የመነሻ ፍጥነት + አክሰለሬሽን × ጊዜ

ሁለተኛው፣ የተጓዝነው ርቀት አማካይ ፍጥነታችን በጊዜው ሲባዛ ነው፤ ለውጡ እኩል ስለሆነም አማካዩ የመነሻውና የመጨረሻው መካከለኛ ነው ይላል፦

ርቀት = (የመነሻ ፍጥነት + የመጨረሻ ፍጥነት) ÷ 2 × ጊዜ

ከእነዚህ ውጭ አዲስ ሐሳብ የለም። በሁለተኛው ውስጥ «የመጨረሻ ፍጥነት» በሚለው ቦታ የመጀመሪያውን ብትተኪበት ሦስተኛውን ታገኛለሽ፦

ርቀት = የመነሻ ፍጥነት × ጊዜ + ½ × አክሰለሬሽን × ጊዜ²

ከሁለቱ ውስጥ ጊዜን ብታስወጪ ደግሞ አራተኛው ይመጣል፦

የመጨረሻ ፍጥነት² = የመነሻ ፍጥነት² + 2 × አክሰለሬሽን × ርቀት

ይኽንን መተካካት በገዛ እጅሽ፣ በባዶ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ እንድትሠሪው እለምንሻለሁ። የአልጀብራ ችሎታሽ ለዚህ ይበቃል፤ ኬሚስትሪ የምትወድ ልጅ ከዚህ የከበደ ስሌት ሠርታለች። ከዚያ ሥዕሉን ሥዪ፦ አግድም ጊዜ፣ ሽቅብ ፍጥነት። እኩል እያደገ የሚሄድ ፍጥነት በዚህ ሥዕል ላይ ቀጥ ያለ ዘንባላ መስመር ነው፤ ከመስመሩ በታች ያለው ስፋት ደግሞ የተጓዝሽው ርቀት ነው። ከታች ያለው አራት ማዕዘን የመነሻ ፍጥነትሽን ይዘሽ ብቻ ብትቀጥዪ የምትጓዢው ነው፤ በላዩ የተቀመጠው ሦስት ማዕዘን መፍጠንሽ የጨመረልሽ ነው። የሦስት ማዕዘን ስፋት መሠረቱ በቁመቱ ተባዝቶ ግማሹ እንደሆነ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ ታውቂያለሽ። መሠረቱ ጊዜ፣ ቁመቱ አክሰለሬሽን × ጊዜ ነው፤ ግማሽዋ የመጣችው ከዚህ ነው።

የድንጋዩ ጥያቄ ከመኪናዋ ይልቅ ረቂቅ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። መሬት የወረወርነውን ነገር ሁሉ ፍጥነት በየሰከንዱ በ9.8 ሜትር በሰከንድ ወደ ታች ትለውጠዋለች፤ ፈተና ላይ ብዙ ጊዜ 10 ይባላል። ወደ ላይ ያለውን ፖዘቲቭ ብለን በ20 ብንወረውረው፣ የአየሩን ሰበቃ ትተን፣ ከ1 ሰከንድ በኋላ 10፣ ከ2 ሰከንድ በኋላ 0፣ ከ3 ሰከንድ በኋላ −10፣ ከ4 ሰከንድ በኋላ −20 ሆኖ ወደ እጅሽ ይመለሳል። በየሰከንዱ የተለወጠው ምንጊዜም −10 ነው፤ ጫፉ ላይም አልተቋረጠም። ሱቅ ውስጥ ሒሳብ ያለሽ አድርገሽ አስቢው፤ 20 ብር አስቀምጠሻል፣ በየቀኑ የ10 ብር ዕቃ ትወስጃለሽ። በሁለተኛው ቀን ሒሳብሽ ዜሮ ነው፤ መውሰዱን ግን ስላላቆምሽ በሦስተኛው ቀን የ10 ብር ዱቤ አለብሽ። ሒሳብሽ ፍጥነቱ ነው፤ በየቀኑ የምትወስጂው አክሰለሬሽኑ። ድንጋዩ ጫፍ ላይ አክሰለሬሽኑ ዜሮ ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱ ዜሮ እንደሆነ ይቀርና እዚያው ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ያድር ነበር። በዚሁ ሌላም ነገር አስተውዪ፦ ድንጋዩ ወደ ታች እየፈጠነ ሲመጣም አክሰለሬሽኑ −10 ነው። ነጌቲቭ ማለት ፍጥነት መቀነስ ማለት አይደለም፤ ፖዘቲቭ ብለን ከመረጥነው አቅጣጫ ተቃራኒ ማለት ነው። አንድ ነገር ፍጥነቱ የሚቀንሰው ፍጥነቱና አክሰለሬሽኑ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሆኑ ነው።

አብሽሪ፣ ልጄ፤ ሁለቱም ስሕተቶች ከአንድ ቦታ የመጡ ናቸው። በመጀመሪያው የሚለወጠውን ፍጥነት እንደማይለወጥ ወሰድሽው፤ በሁለተኛው ፍጥነትንና የፍጥነትን ለውጥ አንድ አደረግሻቸው። ይህ የአእምሮ ማነስ ምልክት አይደለም፤ ቀመሩ ከሐሳቡ በፊት ስለተሰጠሽ የመጣ ነው፤ የሚታረመውም በሳምንታት ውስጥ ነው።

ለማረም ደግሞ በአገሩ ሁሉ ያለ ተማሪ የማያገኘው ነገር በእጅሽ አለ። ዓርብ ስትወርጂ ወይም ቅዳሜ አባትሽ ሲሠሩ ከጎናቸው ተቀመጪ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ከቆሙበት ሲነሡ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ፣ አንቺ በስልክሽ ሰዓት በየ2 ሰከንዱ የፍጥነት መቁጠሪያውን እያነበብሽ ጻፊ። 0፣ 9፣ 18፣ 27፣ 36 ኪሎ ሜትር በሰዓት አገኘሽ እንበል። እያንዳንዱን ለ3.6 ስታካፍዪ 0፣ 2.5፣ 5፣ 7.5፣ 10 ሜትር በሰከንድ ይሆናል። በ8 ሰከንድ 10 ከተጨመረ አክሰለሬሽኑ 1.25 ነው፤ አማካይ ፍጥነቱ 5 ስለሆነ የተጓዛችሁት 40 ሜትር ነው። በሦስተኛው ቀመር ሞክሪው፤ የ1.25 ግማሽ በ64 ሲባዛ ያው 40 ይመጣል።

እውነተኛውን ንባብሽን በጊዜና ፍጥነት ሥዕሉ ላይ ስታስቀምጪው ግን እንዲህ የተስተካከለ አይሆንም፤ በእርግጥ የምትማሪውም ከዚያ ነው። አባትሽ ማርሽ ሊቀይሩ ፍሪሲዮን በረገጡ ቁጥር መስመርሽ ለጥቂት ጊዜ አግድም ይሆናል፤ ከአንደኛ ማርሽ ወደ ሁለተኛ፣ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲያልፉም መስመሩ እየተኛ ይሄዳል፤ መኪናው እንደ አንደኛ ባለው ከባድ ማርሽ ያለው አቅም በቀላል ማርሽ የለውም። አራቱ ቀመሮች የሚሠሩት አክሰለሬሽኑ በማይለወጥበት ቁራጭ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ለብቻው ነው የምታሰዪው። ብዙ ተማሪዎች ቀመሩ መቼ እንደማይሠራ ሳያውቁ ነው 12ኛ ክፍልን የሚጨርሱት፤ አንቺ ይኽን በዓይንሽ ታዪዋለሽ።

በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርዱ ግን ንባቡን ተዪና ከወረዳችሁ በኋላ አባትሽን ጠይቂያቸው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን መቆሚያው ለምን ከእጥፍ በላይ እንደሚረዝም፣ በቁልቁለት ለምን በከባድ ማርሽ እንደሚወርዱ ይነግሩሻል፤ አንቺ ደግሞ በቀመር ታሳያቸዋለሽ። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 10 ሜትር ነው። ፍሬኑ በየሰከንዱ 4 የሚቀንስ ከሆነ፣ በአራተኛው ቀመር 100ን ለ8 ስታካፍዪ መኪናው 12.5 ሜትር ላይ ይቆማል። በ72 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በ20፣ 400ን ለ8 ስታካፍዪ 50 ሜትር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መቆሚያው አራት እጥፍ ሆነ፤ ይህም ሹፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬኑ ላይ እስኪያደርስ የሚያልፈውን ርቀት ሳንጨምር ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1850 ሜትር ላይ ስለሚገኙ፣ በመውረጃው ላይ የመሬት ስበት ራሱ ከፍሬኑ ጋር ይታገላል። 100 ሜትር ስንሄድ 10 ሜትር የሚወርድ ተዳፋት ቢያጋጥም፣ ስበቱ ወደ 1 ሜትር በሰከንድ በሰከንድ የሚጠጋ ወደፊት ይገፋል፤ ከፍሬኑ 4 ውስጥ የሚቀረው 3 ይሆናል፤ 50 ሜትር የነበረው መቆሚያም 67 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በዚያ ላይ ፍሬን ብዙ ከተያዘ ይግልና ይደክማል፤ ስለዚህ ነው ሞተሩ እንዲይዘው የሚያደርጉት። ይህንን ካስረዳሻቸው፣ አባትሽ ዘመናቸውን ሁሉ በእግራቸው ሲያሰሉት የኖሩትን ነገር ልጃቸው በወረቀት ስታሰላው በማየታቸው የሚሰማቸውን ደስታ እገምታለሁ።

ስለ ፈተና ጥያቄዎች ደግሞ የምመክርሽ ይህ ነው። ጥያቄውን አንብበሽ ቀመር ከመፈለግሽ በፊት የሆነውን ነገር በአማርኛ በሁለት መስመር ጻፊው፤ ማን ነው የተንቀሳቀሰው፣ ሲጀምር ምን ያህል ነበር፣ በምን አበቃ፣ ፖዘቲቭ ያልሽው አቅጣጫ የቱ ነው። «ከቆመበት ተነሥቶ» የሚል ካለ የመነሻ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ «ቆመ» ከተባለ የመጨረሻው ዜሮ ነው፤ እነዚህ ቁጥሮች በቁጥር መልክ ስለማይጻፉ ብዙ ተማሪ ያልፋቸዋል። በጨዋታው ውስጥ ያሉት መጠኖች አምስት ናቸው፦ የመነሻ ፍጥነት፣ የመጨረሻ ፍጥነት፣ አክሰለሬሽን፣ ጊዜና ርቀት። ሦስቱ ይሰጡሻል፣ አንዱን ትጠየቂያለሽ፤ ያልተሰጠውም ያልተጠየቀውም አምስተኛው የቱ እንደሆነ ለዪና እሱ የሌለበትን ቀመር አንሺ። በመኪናዋ ጥያቄ ውስጥ ያልተሰጠውም ያልተጠየቀውም ጊዜ ነው፤ ጊዜ የሌለበት አራተኛው ቀመር ነው፤ 0 = 400 + 2 × አክሰለሬሽን × 50 ብለሽ −4 ታገኛለሽ። ከዚያ ወደ ሰከንዶቹ ተመለሺና 20፣ 16፣ 12፣ 8፣ 4፣ 0 ብለሽ ቁጠሪ፤ 5 ሰከንድ፣ አማካይ 10፣ 50 ሜትር። ሁለቱ መንገዶች ከተገናኙ መልስሽን ለማንም ሳታሳዪ ታምኚዋለሽ።

የጓደኛሽን ምክር አልጥለውም። ያለፉ ፈተናዎችን መሥራት ይጠቅማል፤ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚጠቅመው። መልሱን የሸመደደ ሰው መኪናዋ በብስክሌት ስትተካ ይደናገራል፤ ጓደኛሽም ምናልባት እንዳንቺው ተጨንቃ ይሆናልና አብራችሁ ሥሩ፤ አንቺ የግማሽዋን ምክንያት ስታስረጃት በደንብ መረዳትሽን ያኔ ታውቂዋለሽ።

መምህርሽን በተመለከተ፣ ሳቁ በልብሽ ውስጥ እንደቀረ ይገባኛል፤ በዚያ ዕድሜ በክፍል ፊት መሳቂያ መሆን ቀላል ነገር አይደለም። እጅሽን በክፍል ውስጥ ዛሬውኑ አውጪ አልልሽም። ከክፍለ ጊዜው በኋላ ወይም በዕረፍት ሰዓት የፈተናውን ወረቀት ይዘሽ ሂጂና፣ «መምህር፣ እዚህ ጋ 2.5 ሰከንድ ያልኩት ፍጥነቱ ያልተለወጠ አስመስዬ ነው፤ በአማካዩ ስሠራው −4 መጣልኝ፤ አካሄዴ ልክ ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ያልገባው የቱ እንደሆነ ለይቶ ለመጣ ተማሪ ፊቱን የሚያዞር መምህር ብዙ አይደለም። ያጋጠመሽ እንደዚያ ያለ ቢሆን እንኳ ሌላውን የፊዚክስ መምህር ወይም የ12ኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪ በዚሁ ወረቀት መጠየቅ ትችያለሽ።

አሁን ስለ ዝውውሩ። እስኪ ለራስሽ በእርጋታ መልሺ፦ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚስብሽ ነገር ስላለው ነው ወይስ ከፊዚክስ ስለሚያሳርፍሽ? ጂኦግራፊ፣ ታሪክ ወይም ኢኮኖሚክስ ስታነቢ ባዮሎጂ ስታነቢ እንደሚሰማሽ ይሰማሻል? ነገ ጠዋት ፊዚክስ ላይ ከ20 15 ብታገኚ፣ ያኔም መዛወር ትፈልጊ ነበር? ለመጨረሻው መልስሽ «አዎ» ከሆነ፣ ዝውውሩ መሸሽ አይደለምና ሳትፈሪ አመልክቺ፤ ማኅበራዊ ሳይንስ የደካሞች ማረፊያ ሳይሆን የራሱ ጥልቀት ያለው መስክ ነው። መልስሽ «አይ፣ እቀር ነበር» ከሆነ ግን፣ በአንድ ምዕራፍ ምክንያት ፋርማሲን የሚያህል ሐሳብ እንዳትዘጊ እሰጋለሁ፤ የጤና ትምህርቶች የሚፈልጉት ከተፈጥሮ ሳይንስ የመጣ ተማሪ ነው፤ ተመልሶ መግባቱም እንደ መውጣቱ አይቀልም።

ደግሞም ብትቆዪ ፊዚክስ በዚህ አያበቃም፤ ልሸፍንብሽ አልፈልግም። ከአክሰለሬሽን ቀጥሎ የኒውተን ሕጎች ይመጣሉ፤ ዩኒቨርሲቲም በመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ፊዚክስ ይጠብቅሻል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚቆሙት አሁን በምትማሪው ላይ ነው፤ በፋርማሲ ትምህርት ውስጥም መድኃኒት በደም ውስጥ በየሰዓቱ በምን ያህል እንደሚቀንስ ስትማሪ፣ «በየጊዜው በስንት ይለወጣል» የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። እዚያ ብዙ ጊዜ ለውጡ እኩል ስለማይሆን ቀመሩ ሌላ ነው፤ አስተሳሰቡ ግን ያው ነው።

ስለዚህ እስከ ወሩ መጨረሻ ያለውን ጊዜ ተጠቀሚበት። የዝውውሩን ቅጽ ውሰጂ፤ በእጅሽ መኖሩ ያረጋጋሻል፤ ግን ወዲያው አታስገቢው። በመጀመሪያው ሳምንት የቀመሮቹን መተካካትና የሚኒባሱን ሥዕል ጨርሺ፤ በሁለተኛው በየቀኑ ጥቂት ጥያቄዎችን በነገርኩሽ መንገድ ሥሪ፤ ከዚያ አይተሽው የማታውቂውን አንድ ያለፈ ፈተና አክስትሽ ሰዓት እንዲይዙልሽ አድርገሽ ተፈተኚ። ማየት ያለብሽ ውጤቱን ብቻ አይደለም፤ የተሳሳትሽውን ጥያቄ ለምን እንደተሳሳትሽ ራስሽ ማስረዳት ከቻልሽ መንገድ ላይ ነሽ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ነገሩ እንደ ድንጋይ ከከበደሽና ልብሽም ወደ ሌላው ካዘነበለ፣ ቅጹን ለማስገባት ጊዜ ይኖርሻል።

አባትሽን ግን እስከዚያ አታቆዪያቸው። ለተሳፋሪው የሚያወሩት በአንቺ ስለሚኮሩ ነው፤ ውጤትሽን ከሌላ ሰው ቢሰሙት ከውጤቱ ይልቅ መደበቅሽ ያሳዝናቸዋል። በዚህ ዓርብ፣ ተሳፋሪ ከወረደ በኋላ ብቻችሁን ስትሆኑ፣ «አባቴ፣ ፊዚክስ ላይ ከ20 6 አግኝቻለሁ፤ መዛወርም አስቤ ነበር፤ ከመወሰኔ በፊት ግን የምሞክረው ነገር ስላለ የአንተ እርዳታ ያስፈልገኛል» በያቸው። የሚያስፈልግሽ እርዳታ ምን እንደሆነ ሲጠይቁሽ፣ ደብተርሽን አውጪና በፍጥነት መቁጠሪያው ላይ ምን ማንበብ እንደፈለግሽ አሳዪያቸው።